ሸራ የለበሱት ትራንስፎርመሮች

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንዴት ነህ? ወገብህስ እንዴት ሆነ? እንቅልፍ ይወስድሃል? ጤናህን የምጠይቀው ለወጉ ብቻ እንዳይመስልህ። ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጤና ያስፈልግሃል። ቆመህ የጀመርከው ከሆነም ተቀመጥ።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዳገት ባየ ቁጥር ከማጉረምረሙ በቀር የምከሰው የለኝም። እማዬ ቀን ቀን ደህና ናት። ትጫወታለች፣ ትቆጣለች፣ ጨው በዛ ጨው አነሰ ትላለች። የማታውን ጤናዋን ግን ለብቻው እጽፍልሃለሁ፤ እሱ የፈጣሪ ሳይሆን የአንተ ሥራ ነውና።

በሾፌርህ እጅ የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። እንደ ልማዴ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ሐሳቡን ለመረዳት፣ አንዴ ለማረም። ሐሳቡ አንድ ብቻ ነው፤ «እማዬን ላኪልኝ» ትላለህ። ላኪልኝ! ሚስማር ናት ቆርቆሮ? «ማሽኗ እኔ ዘንድ አንድም ቀን አይቆምም፤ እናንተ ጋ መብራቱ ቢደክም ግን የማንም ጥፋት አይደለም፤ ርቀት ርቀት ነው» ብለህ ደመደምክ። ይህችን የመጨረሻዋን አባባል በቀይ አስምሬባታለሁ። ርቀት ርቀት መሆኑን የካደ የለም። ጥያቄው ርቀትን ምን እናድርገው ነው፤ መልሱ ደግሞ የተገኘው አንተም እኔም ከመወለዳችን በፊት ነው።

ነገሩን ከመጀመሪያው እዘረዝረዋለሁ። አታውቀውም ብዬ አይደለም። እያወቅክ እንዴት እንደኖርክ በቅደም ተከተል እንድታየው ነው።

ወንዙ ዳር፣ ከእንጨት መሰንጠቂያህ ሥር፣ ተርባይን ተከልህ። ጎበዝ። መጋዝህ ተጠቅሞ የሚተርፈውን ኃይል ለላይኛው ሰፈር ልስጥ አልክ። ይህም ጎበዝ። ከዚያ ምሰሶ አቆምክ፤ ተርባይኑ ያወጣውን ሁለት መቶ ሃያ ቮልት እንዳለ፣ እንደወረደ፣ ያን ሁሉ ዳገት ሽቅብ ለቀቅከው። እዚህ ላይ ጎበዝ ማለቴን አቆምኩ። በተመረቀበት ምሽት ሰው አጨበጨበ። የእኛ አምፖል በራ ለማለት ይከብደኛል፤ እንደ ፍም ቀላ። እማዬ አንገቷን ቀና አድርጋ ስታየው ቆየችና፣ «ልጄ መብራት ልኮልኛል፤ በይ ሻማ አምጪና እንየው» አለች።

ቀጥሎ የመጣው የሰፈራችን ጥበብ ነው። ባለሱቁ ስታቢላይዘር አመጣ። ጸጉር ሠሪዋ ገዛች፤ ማድረቂያዋ ነፍስ ዘራ። ወዲያው የጎረቤቷ የልብስ ሰፊው መኪና ደከመ። እሱ ደግሞ ከእሷ የሚበልጥ ገዛ። አሁን የእሷ ደከመ። እንዲህ እያለ ሰፈሩ ሁሉ ገዛና ሁሉም ከበፊቱ ባሰበት። ስታቢላይዘር የጎደለውን ቮልት ከሰማይ እንደማያወርድ፣ ያንን ለመሙላት ከሽቦው ተጨማሪ ከረንት እንደሚስብ፣ ከረንቱ በበዛ መጠን ደግሞ ሽቦው ላይ የሚቀረው እንደሚብስ በር ለበር እየዞርኩ ተናገርኩ። በአንዲት አጭር ብርድ ልብስ ሥር ተኝተው እንደሚጎታተቱ ሰዎች ነበሩ። ልብስ ሰፊው፣ «ቲቸር፣ ልክ ነዎት፤ ግን መጀመሪያ እሷ ታጥፋ» አለኝ። እሷም ስለ እሱ እንዲሁ አለች። ሁለቱንም አስተምሬያቸዋለሁ። አንዳንዴ ጡረታዬ ዘግይቶ የመጣ ይመስለኛል።

ከዚያ የእማዬ ሳንባ ታመመ። ሐኪሙ ኦክስጅን ከአየር እያጣራ የሚሰጠውን ማሽን አዘዘላት፤ ከመሸ ጀምሮ እስኪነጋ ከእሱ እንዳትለይ አስጠነቀቀ። እኛ ቤት ማሽኑ ጮኸና ቆመ። አንተ መጥተህ ወሰድካት። አንድ ሳምንት ቤትህ ተኛች፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ራት አብራችሁ በላችሁ። በሳምንቱ፣ «በሙሽርነት የገባሁት እዚያ ቤት ነው፣ ሞቼም የምወጣው ከዚያው ቤት ነው» ብላ አስቸገረችህ፤ መልሰህ አመጣሃት። የሷን አሳብ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። እናታችን ከዚህ ቤት መውጣት አትፈልግም። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በገዛ አልጋዋ ላይ ሆና መተንፈስ። የዚህ ሁሉ ደብዳቤ ጉዳይ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ስብሰባው ልምጣ። የሰፈሩ ሰው መሮት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የጠራህ ጊዜ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ልብስ ሰፊው ተነስቶ መርፌው ጨርቅ ውስጥ ተሰክታ እንደምትቀርበት ተናገረ። አንዱ፣ ትራንስፎርመር የሚባል ነገር አለ ሲባል ሰምቻለሁ አለ። አንተ ኮትህን ቆልፈህ ተነሳህ። «ትራንስፎርመር፣ ትራንስፎርመር ትላላችሁ» አልክ፤ «ትራንስፎርመር አንዲት ብልጭታ የማያመነጭ የብረት ሳጥን ነው። አንዱን ታች ተክለን ቮልቱን እንሰቅላለን፤ ሌላውን ላይ ተክለን መልሰን እናወርደዋለን። ሊወርድ ምን አሰቀለው? ተራራ ወጥቶ መውረድ ጫማ ለመጨረስ ካልሆነ ምን ይጠቅማል?» ሰው ሳቀ። እጄን አነሳሁ። አንተም አይተህ ፈገግ አልክና፣ «እትዬ፣ ደወሉ ከተደወለ እኮ ቆየ፤ ተማሪውም ወጥቷል» አልክ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁት መካከል ግማሹን ያስተማርኩት እኔ ስለሆንኩ ሳቁ በከፊል የሥራዬ ፍሬ ነው። እጄን አውርጄ ተቀመጥኩ።

ያን ቀን ያላስጨረስከኝን ትምህርት አሁን እጨርሳለሁ። እዚህ የሚስቅልህ ሰው የለም።

የኤሌክትሪክ ኃይል ማለት ቮልቴጅ በከረንት ሲባዛ የሚገኘው ነው። ስለዚህ ያንኑ ኃይል በሁለት መንገድ መላክ ይቻላል፤ በትንሽ ቮልቴጅና በብዙ ከረንት፣ ወይም በብዙ ቮልቴጅና በትንሽ ከረንት። ሲነሳ እኩል ነው። መንገድ ላይ ግን እኩል አይደለም፤ ሽቦን የሚያሞቀው ከረንቱ ነውና። ያውም በልኩ አያሞቀውም። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን በሙቀት የሚባክነው አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ።

ክፍል ውስጥ ይህን በዱቄት ተሸካሚዎች ነበር የማስረዳው። አንድ መጋዘን ሙሉ ዱቄት በጠባብ መንገድ ማለፍ አለበት እንበል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ኩባያ እያስያዝክ መንደሩን ሁሉ ብታሰልፍ፣ ሰው ይጋፋል፣ ይረጋገጣል፣ ያልበዋል፣ ዱቄቱም መንገድ ላይ ይደፋል። ጥቂት ጠንካሮችን መርጠህ ጆንያ ጆንያ ብታሸክማቸው ግን ትከሻ ለትከሻ ሳይነካኩ ይደርሳሉ። ተሸካሚዎቹ ከረንት ናቸው፤ እያንዳንዱ የተሸከመው ቮልቴጅ ነው። መንገዱ የሚያስከፍለው በሸክሙ አይደለም፤ በተሸካሚው ብዛት ነው። ትራንስፎርመር እንግዲህ በመንገዱ መግቢያ ቆሞ ኩባያውን በጆንያ የሚያስር፣ በመውጫው ቆሞ ደግሞ ጆንያውን ፈትቶ በኩባያ የሚያድል ነው። ጆንያ ሙሉ ዱቄት አምፖል ውስጥ አይገባም፤ ለዚህ ነው መውረድ ያለበት። በኩባያ ዳገት አይገፋም፤ ለዚህ ነው መውጣት ያለበት። ብልጭታ አያመነጭም ያልከው እውነት ነው። ድልድይም ሰው አይወልድም። ድልድይ ምን ያደርጋል ብሎ ወንዝ ውስጥ የገባ ሰው ግን ጅል ይባላል።

አሠራሩም የሚያስፈራ ነገር የለውም። የብረት ማዕቀፍ አለ፤ በላዩ ሁለት ጥቅል ሽቦ ተጠምጥሟል። ጥቅሎቹ አይነካኩም። በአንደኛው የሚመላለሰው ከረንት ብረቱን አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ የሚስብ ማግኔት ያደርገዋል፤ ያ መለዋወጥ በሁለተኛው ጥቅል ውስጥ ቮልቴጅ ይቀሰቅሳል። የሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው አሥር እጥፍ ከሆነ ቮልቴጁም አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ከረንቱ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ደግሞ ወደ አንድ መቶኛ። ያው ሽቦ፣ ያው ምሰሶ፣ ያው ርቀት። ትራንስፎርመሩ ራሱ ጥቂት ይበላል፤ ሽቦህ ከሚበላው ጋር ሲነጻጸር ግን የአይጥ ድርሻ ነው። ከባትሪ እንደሚወጣው ያለ የማይለዋወጥ ከረንት ብትሰጠው ግን አንዳች ነገር አያሳልፍም። ብረት እንኳ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይሰማውም።

አንተ ይህን ሁሉ ትተህ ከምትልከው ኃይል ከሲሶ የሚበልጠውን ዳገቱ ላይ ትበትነዋለህ። ሽቦህ ላይ የሚያርፉት ወፎች እግራቸው ይሞቃቸዋል። ለእነሱ ደስ ብሎኛል።

አሁን የእማዬን የማታ ጤና ልጻፍልህ፤ ምክንያቱም አንተ መሽቶ አይተኸን አታውቅም። ሰው ከሥራ ገብቶ አምፖሉንና ምድጃውን ሲያበራ ቮልቱ ይወርዳል። ማሽኑ መጮህ ይጀምራል፤ ከዚያ ይቆማል። እማዬ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ አየር ትፈልጋለች። አትናገርም፤ ለመናገር የሚተርፍ ትንፋሽ የላትም። ከንፈሯ ሲጠቁር አየዋለሁ። ያን ጊዜ ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ እወጣና በር አንኳኳለሁ።

ልብስ ሰፊው ሲያየኝ ገና መኪናውን ያጠፋል። «ለእማማ ትንፋሽ ጨለማ ምን አላት ቲቸር! ሱሪው ግን ነገ ሥራ ሊቀጠር የሚሄድ ሰው ነው፤ በአንድ እግሩ ይሂድ?» ይላል። ጸጉር ሠሪዋ፣ «ኧረ ደንበኛዬ ግማሽ ራሷ እርጥብ ነው! እሺ በቃ፣ በእማማ መጡብኝ» ትላለች፤ ደንበኛዋ ግማሽ ራሷ ደርቆ ግማሹ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። አንድ በአንድ ያጠፋሉ። ሰፈሩ ሲጨልም እኛ ቤት ማሽኑ ይነሳል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ ጥሩ የላቦራቶሪ ሙከራ አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ተጠቃሚው ሲቀንስ ከረንቱ ቀነሰ፣ ከረንቱ ሲቀንስ መንገድ ላይ የሚቀረው ቮልት ቀነሰ፣ እናትህ ተነፈሰች። ሰፈር ሙሉ ሰው በጨለማ ተቀምጦ ራቱን እየዳበሰ ይበላል፤ የአንተ መጋዝ ቤት በር ላይ ያሉት አምፖሎች ግን ከዚህ ድረስ ይታያሉ። ቆንጆ ናቸው።

ባለፈው ማታ እንዲሁ ዞሬ ስመለስ እማዬ ትንፋሿ ተመልሶ ነበር። «ሰው በእኔ የተነሳ በጨለማ ይብላ?» አለች። «አፍሬያለሁ። እንግዲያ ልሂድለት፤ ምን አደርጋለሁ።» ከቤቷ ለመውጣት ስትስማማ የመጀመሪያዋ ነው። ድምፅዋን ብትሰማው! እንደ ተባረረ ሰው ነበር። በማግስቱ ያንተ «ላኪልኝ» ደረሰ። ቀኑን የሚቆጥርልህ ሰው ያለ ይመስል።

እኔ እሺም እምቢም ከማለቴ በፊት መለካት እወዳለሁ። ቴስተሬን በቦርሳዬ ይዤ ወረድኩ። አንተ ግንድ ልትገዛ ሄደህ ነበር። ሠራተኞችህ ፊውዝ የሚሉት ኤሌክትሪሺያንህ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ቲቸር፣ ጋሼ እኮ የሉም» አለኝ። «የያዝኩት የቮልት መለኪያ ነው፤ ጋሼን አልለካም» አልኩት። አስገባኝ። ታች፣ ሽቦው ከሚነሳበት፣ ሙሉ ሁለት መቶ ሃያ አነበብኩ። ላይ እኛ ቤት ሲመሽ ከመቶ አርባ የማይዘልለው ማለቴ ነው። ጉልበቴ ዝሎ ስለነበር መጋዘኑ ውስጥ ሸራ የለበሰ ነገር አየሁና አረፍ አልኩበት። የማይመች መቀመጫ ነበር፤ ክንፍ ክንፍ ያለው ብረት ወጋኝ። የሸራውን ጫፍ ገለጥኩ።

ምን እንዳየሁ ታውቃለህ። የአንዱን ሰሌዳ አነበብኩት፤ ሁለት መቶ ሃያ መግቢያ፣ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ መውጫ። ቀጥሎ ያለውን ገለጥኩ፤ የዚያ ግልባጭ። የሚሰቅለውና የሚያወርደው፣ ጎን ለጎን፣ ማሸጊያቸው እንኳ ሳይፈታ።

ፊውዝ ሸራውን መልሶ አለበሳቸው። «ቲቸር፣ ስለ ፈጣሪ፣ አላየሁም ይበሉኝ።» መቼ መጡ አልኩት። «እማማ ከዚህ ወደ ቤታቸው በተመለሱ ማግስት።» ይኸውልህ፣ በስብሰባው ላይ ተራራ ወጥቶ መውረድ ስትል ሁለቱም ቤትህ ነበሩ። ለምን አልተተከሉም አልኩት። መጀመሪያ ጫማውን አየ፤ ቀጥሎ ጣሪያውን አየ። «ጋሼ፣ እማማ ጠቅልለው ከወረዱ በኋላ ይተከላል ብለዋል። ለምን ብዬ ብጠይቅ እኔ ነኝ የምቃጠለው» አለ። «ታዲያ ፊውዝ ሌላ ምን ሥራ አለው?» አልኩትና ወጣሁ። ምስኪኑን አትቆጣው። ያለ እሱም ማንበብ እችላለሁ።

አሁን ልንገርህ። አላዋቂ ብትሆን ኖሮ ይቅር እልህ ነበር። አላዋቂነት ዕድሜ ልኬን የኖርኩበት ሰፈር ነው፤ አልጠየፈውም። አንተ ግን አላዋቂ አይደለህም። አጎታችን ዘንድ እየኖርክ እኔው ክፍል ተቀምጠህ፣ «ኃይል ሩቅ ለመላክ ትራንስፎርመር ለምን አስፈለገ?» ለሚለው ጥያቄ ከነሥዕሉ የመለስከው አንተ ነህ። የጥቅሎቹን ዙር ሳይቀር ቆጥረህ ነበር የሳልከው። ሙሉ ማርክ ሰጥቼህ፣ ለወንድሟ አዳላች እንዳይባል ለሌላ መምህር አሳይቻለሁ። ያንን መልስ የጻፈ እጅ ነው ሸራ ያለበሳቸው። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ አንተ ግን ከዚህ ትከፋለህ። አውቀህ ተኝተህ ሌላውን ታስተኛለህ። የማያውቁ ሰዎች አንተን አምነው ሳቁ፤ ባመኑህ መጠን ጨለማ ውስጥ ተቀመጡ። ይህን የሚሠራ ነጋዴ አይቻለሁ፣ ሹመኛም አይቻለሁ፤ ከእኔ ክፍል የወጣ ተማሪ ግን አላየሁም ነበር።

የእናትህን ትንፋሽ ደግሞ መያዣ አደረግከው። «መብራቱ ቢደክም» ብለህ ስትጽፍ እንኳ ጽሕፈትህ ቀጥ ያለ ነው። ይህን ያህል ንቄህ አላውቅም። ቃሉን መርጬ ነው የጻፍኩት፤ ሰርዤ ሌላ ፈልጌ አጣሁ።

ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። ገብቼ ሁሉንም ለእማዬ ነገርኳት፤ ምንም አላስቀረሁም። ትቆጣለች፣ ትረግመዋለች፣ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም ትላለች ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ፣ «ሁለቱንም ገዝቷል?» አለች። ሁለቱንም አልኳት። «ገዝቶ ደበቃቸው?» አዎ። «እኔ እንድመጣለት?» አዎ እማዬ፣ አዎ።

ሳቀች። እስኪያስላት ሳቀች። ጀርባዋን ደገፍኳት፤ ስታበቃ ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ እንዲህ አለች፦ «አባታችሁ የሞተ ጊዜ ወንድምሽን አጎቱ ላስተምረው ብሎ ሲወስደው መኪናው መስኮት ላይ ቆሜ ጠራሁት። ፊቱን አዞረብኝ። ያኔ ሰባት ዓመቱ ነው። ትልቅ ሰው ሆኖም ዘይት ይዞ መጣ፣ ዱቄት ይዞ መጣ፣ አንድ ቀን ግን ‹ነይ› ብሎኝ አያውቅም። ያን ሳምንት እንኳ ‹ማሽኑ እዚህ ይሻለዋል› ነበር ያለው፤ ማሽኑ! አይፈልገኝም ብዬ ተመለስኩ።» «ለካ ይፈልገኛል» አለች። ፊቷን ብታየው ወንድሜ፣ እዚያች ቅጽበት ላይ በእውነት ልመታህ አማረኝ። እኔ አብሬያት እያረጀሁ ያላበራሁትን ፊት አንተ በክፋት አበራኸው።

ሁለት ፊደል ነው። ነይ። ሁለት ፊደል ከአፍ ላለማውጣት ሰፈር ያጨለመ ሰው በታሪክ ካለ ንገረኝ፤ አንብቤ አላገኘሁም። ምሰሶ ሠርተሃል፣ ሽቦ ስበሃል፣ ስብሰባ ሙሉ ሰው ዋሽተሃል፣ ለእኔ ደግሞ «ላኪልኝ» ብለህ ጽፈሃል። ለእሷ አንድ ቃል አልጻፍክም። ያን ሁሉ ዓመት የላክኸው ነገር መንገድ ላይ ቀልጦ ሲቀር፣ ለምን አልደረሰም ብለህ የምትጠይቀው ማንን ነው?

እናትህ የወሰነችውን እሷ እንዳለችው እጽፋለሁ፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ። «በይ ጻፊለት። እሄድለታለሁ። ግን መብራት አጥታ ተባረረች እንዲባል አልፈልግም። መጀመሪያ ብረቶቹን ይትከል። ማሽኔ ሳይጮህ፣ ሰውም ሳይጨልምበት፣ በገዛ ቤቴ እንደ ልቤ እየተነፈስኩ ልደር። መቅረት እየቻልኩ ነው የምሄደው። ከዚያ መኪና አይላክልኝ፤ ራሱ ይምጣና በአፉ ነይ ይበለኝ።» ጨርሳ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ያን ማታ ስዞር ጸጉር ሠሪዋ፣ «ዛሬ እማማ እንዴት ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ወጣት ሆነዋል» አልኳት።

ስለዚህ የሚከተለውን ታደርጋለህ። የሚሰቅለውን መጋዝ ቤትህ ጎን፣ የሚያወርደውን ከልብስ ሰፊው ቤት በላይ ካለው ባዶ ቦታ ላይ ትተክላለህ። ዙሪያቸውን ታጥራለህ፤ ሁለት ሺህ ቮልት ቀልድ አያውቅም። ሽቦው ምሰሶዎቹ ላይ የሚያርፍባቸውን፣ ከረንት የማያሳልፉትን የሸክላ ስኒዎች ሁሉ ትቀይራለህ፤ ለሁለት መቶ የተሠራ ስኒ ለሁለት ሺህ አይበቃም። ይህን እንደምታውቅ አውቃለሁ፤ ግን ካንተ ጋር ማወቅና ማድረግ እንደተለያዩ ስላየሁ ጻፍኩት። ከዚያ አዳራሹ ሄደህ ሰው ፊት ትቆምና፣ «ተሳስቼ ነበር» ትላለህ። «ዋሽቼ ነበር» እንድትል አልጠይቅህም። ተማሪ የሚጠየቀው በአቅሙ ነው።

ትናንት ፊውዝ ስኒዎቹን ሊቆጥር ብሎ እዚህ ድረስ ወጣ። ማን እንደላከው አልጠየቅኩም፤ አፉን ሞልቶ፣ «ጋሼ ትናንት ሸራውን ገፈውታል» አለ። ስለ እኔ መውረድ ራሱ ነግሮህ ይሆናል። ፊውዝ ሲቃጠል ቢያንስ መስመሩን ያድናል። እማዬ አስቀምጣ ሻይ ሰጠችውና፣ ክፍሉ እንዴት ያለ ነው ብላ ጠየቀችው። «ክፍሉማ ተዘጋጅቷል እማማ» አላት፤ «መስኮቱ በወንዙ በኩል ነው። ሁለት አልጋ ነው የገባው። በአንደኛው ራስጌ ጋሼ በእጃቸው የመጻሕፍት መደርደሪያ ሠርተዋል፤ ሦስት ጊዜ አፍርሰው ሠሩት።» እናታችን ፊደል እንዳልቆጠረች አንተም ታውቃለህ። ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ መነጽሬን እየጠረግኩ ነበር፤ መጥረጌን ቀጠልኩ። በዚህ ጉዳይ ላይ አስተያየት የለኝም።

እንግዲህ ፈጣሪ ወገብህን ያጽናልህ፤ ስኒ የሚቀየረው ተሰቅሎ ነው። እጅህን ከሽቦ፣ አፍህን ከውሸት ይጠብቅልህ። ከመሰላል አይጣልህ። እናትህን በሰላም ለመቀበል፣ ያቺንም ሁለት ፊደል ሳትንተባተብ ለመናገር ያብቃህ።

በንቀትም በደህና ምኞትም፣
ታላቅ እህትህ

ከፈረምኩ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ተርባይን አጠገብ የሚተኛ ሰው ድምፁ ይከብደዋል ይባላል። ማታ መጋዙ ከቆመ በኋላ ድምፁ ምን ያህል እንደሚቀንስ አዳምጠህ ጻፍልኝ፤ ለአጠቃላይ እውቀት ነው። ያ መደርደሪያም ለትልልቆቹ መጻሕፍት ጥልቀቱ እንደማይበቃ እገምታለሁ። ሳትለካ እንደሠራኸው ጥርጥር የለኝም። የትልቁን መጽሐፍ ወርድ በክር ለክቼ ክሩን እዚህ ውስጥ አስቀምጬልሃለሁ።